የሰማዩን ሒሳብ ሳልጨርስ አላገባም ያለኝ ሰው

እኔና ጁነይድ የተገናኘነው መብራት ሄዶ ነው። የሰው ፍቅር ሠርግ ቤት ይጀምራል፣ ትምህርት ቤት ይጀምራል፣ ቢበዛ ታክሲ ውስጥ ይጀምራል። የኔ ግን ቤሩት ዳር ፋናር በሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሁለት ፎቅ መሀል ተንጠልጥሎ በቀረ አሳንሶር ውስጥ፣ በስድብ ተጀመረ። መሳቅ ትችላላችሁ፣ እኔ አሁን አልፎልኛል።

ማዳሜ፣ ማለት አሠሪዬ፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ የምትኖር አሮጊት ናት። ኮንትራቴን ጨርሼ ቡርጅ ሐሙድ ቤት ከተከራየሁ ወዲህ ጠዋት በሰርቪስ ታክሲ ወደሷ እወጣለሁ፣ ማታ እወርዳለሁ። የዚያን ቀን በአንድ እጄ ድንችና ሽንኩርት፣ በሌላው ትልቅ ሐብሐብ ታቅፌ፣ ላብ በላብ ሆኜ አሳንሶሩ ውስጥ ገባሁ። አንድ ረጅም፣ ቀጭን፣ መነጽር ያደረገ ሰውዬ ቦርሳውን አቅፎ ጥግ ላይ ቆሟል። በሩ ተዘጋ፣ ትንሽ ወጣን፣ መብራቱ ድርግም አለና ቆምን። ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ነው ብዬ ታገስኩ። ጄኔሬተሩ አልነሳ አለ።

ሰውየው በአረብኛ ሊያጽናናኝ ሞከረ። አረብኛው ደግሞ የቤሩት አረብኛ አይደለም፣ ዜና የሚያነብ ነው የሚመስለው። ሱዳናዊ ነው ብዬ ደመደምኩ። እኔም ሶማሊያዊት መስዬው እንደነበር በኋላ ነግሮኛል። መጀመሪያ አትፍሪ አለኝ። ቀጥሎ አየሩ ለሁለት ሰው ለምን ያህል ጊዜ እንደሚበቃ ጮክ ብሎ ማስላት ጀመረ። ሐብሐቡም ቦታ ስለያዘ ትንሽ መቀነስ አለበት አለ። እኔ ላብ በጀርባዬ ይወርዳል፣ እሱ ሐብሐብ ያሰላል። ልቤን አወለቀው።

«ያ አላህ፣ ከሰው ሁሉ መርጠህ ከዚህ ደረቅ ጋር ትቆልፈኝ?» አልኩ በአማርኛ።

ሒሳቡ ቆመ። ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«ደረቅ እንኳ አይደለሁም» አለ በአማርኛ። «የኮልፌ ልጅ ነኝ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ናጡሩ፣ ያኒ የሕንጻው ዘበኛ፣ በሩን በብረት ፈልቅቆ ሲያወጣን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም። እሱ ግን ሐብሐቡን ከእጄ ተቀብሎ እስከ አምስተኛ ፎቅ በደረጃ ተሸከመልኝ፣ እያለከለከም ስሙን ነገረኝ። እዚያው ፋናር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የፊዚክስ ተማሪ ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ላሉ ሰዎች ልጃቸውን ያስጠናል፣ የሚኖረው መዝረዓ ነው። ስለ ምን እንደሚማር ስጠይቀው ስለ ዳርክ ኢነርጂ አለኝ። እንዳልገባኝ ሲያይ፣ የጨለማ ኃይል በይው አለኝ።

ማታ ይህን ለእሙሽ ነገርኳት። እሙሽ አብራኝ የምትኖር ጸጉር ሠሪ ናት፣ የአዲስ አበባ ልጅ። የጨለማ ኃይል ስላት አማተበች። ሰው እንዴት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ድግምት ይማራል ብላ ሌሊቱን ሙሉ ስታጉረመርም አደረች። እሱ የደወለ ጊዜማ ስልኬን በጨርቅ ይዛ ነው ያቀበለችኝ።

እንዲህ እንዲህ እያልን እሑድ እሑድ ቡርጅ ሐሙድ መገናኘት ጀመርን። አንድ ቀን ዳቦ መጋገሪያው ፉርን ቤት በር ላይ ቆመን ትኩስ የመናኢሽ ቂጣ እየበላን ትምህርቱን እንዲያስረዳኝ ጠየቅሁት። ምን ነክቶኝ እንደጠየቅሁት እኔ አላውቅም። መናኢሹ በእጁ ላይ እስኪደርቅ አወራ። ዓለም እየሰፋች ትሄዳለች አለ። ስትሰፋ በውስጧ ያለው ቁስ ሁሉ፣ ኮከቡም፣ አፈሩም፣ እኛም፣ እየሳሳ ይሄዳል፣ ሻይ ላይ ውሃ ሲጨመርበት እንደሚቀጥነው። ይሄ የጨለማ ኃይል የሚሉት ግን አይቀጥንም። ዓለምን እንድትሰፋ የሚገፋት እሱ ነው፣ እሱ ራሱ ግን ያው ነው። ስለዚህ በጥንቱ ዘመን ቁሱ ሞልቶ ተትረፍርፎ ነበር፣ ኃይሉ ግን ከቁጥር አይገባም። ወደፊት ደግሞ ኃይሉ ብቻ ይነግሣል፣ ቁሱ ከቁጥር አይገባም። ሁለቱ የሚቀራረቡት መሀል ላይ ባለች አጭር ዘመን ነው። ያቺ ዘመን ደግሞ የኛ ዘመን ናት።

«ከዚያ ሁሉ ዘመን ለምን አሁን?» አለኝ። ዓይኑ እንባ ያቀረረ መሰለኝ። «ለምን እኛ ባለንበት ጊዜ?»

«አላህ ስላለ ነዋ።»

«እሱማ አላህ ነው። ግን እንዴት አድርጎ?»

እንግዲህ ሥራዬ ብሎ የሚማረው ይሄን ነው። አንዳንድ ተመራማሪዎች አጋጣሚ ነው ብለው ይተዉታል። ለሱ ግን አጋጣሚ የሚባል ነገር አይዋጥለትም። ኃይሉ ከጥንት ጀምሮ ቁሱን ከኋላ ከኋላ ሲከተለው ኖሮ ይሆናል የሚል ሞዴል አለ፣ እሱን ነው የሚሠራው። ሲከተልህ የኖረ ነገር ዛሬ አጠገብህ ቢገኝ ምኑ ይገርማል ነው ነገሩ። እኔ የገባኝ ይሄን ያህል ነው፣ የቀረውን እሱን ጠይቁት፣ ከቻላችሁ ታመልጣላችሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ወደድኩት። ምኑን እንደወደድኩለት እንጃ። ጉንፋን ጥሎኝ የተኛሁ ጊዜ ከመዝረዓ ድረስ የምስር ሾርባ በድስት ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ በሰርቪስ መጣ። ግማሹ ሱሪው ላይ ፈስሷል። ተቃጥለህ የለም ወይ ስለው፣ ትንሽ፣ ግን ክዳኑ ቀዳዳ ባይኖረው ኖሮ የበለጠ ይፈስ ነበር ብሎ ሊያስረዳኝ ተቀመጠ። ከዚያ መነጽሩን አወለቀ።

«ነስሪያ፣ ካንቺ ጋር ስሆን ጥያቄዬን እረሳዋለሁ።»

«ጥሩ ነዋ።»

«ጥሩ አይደለም። ጥያቄው እኮ ሥራዬ ነው።»

ይሄ ለሱ የፍቅር ቃል መሆኑ ነው። እኔም ሞኝ ሆኜ አለቀስኩ። ጉንፋኑ ነው ብዬ ሸወድኩት፣ እሱም አመነኝ።

ከዚያ ወዲያ ግን ጨጓራዬን ላጠው። እኔ የባቲ ልጅ ነኝ። እኛ ጋ ወንድ ከወደደ ሽማግሌ ይልካል፣ አለቀ። ነካ ነካ አደረግሁበት፣ አልገባውም። ፊት ለፊት ነገርኩት። ይቺን ምዕራፍ ልጨርስ አለ። ምዕራፏ አለቀች፣ ሌላ ምዕራፍ መጣች። ይባስ ብሎ ሰማይ የሚለኩ ሰዎች አዲስ ውጤት አወጡ። ያ አይለወጥም የተባለው ኃይል እየደከመ ሊሆን ይችላል አሉ። ገና አልተረጋገጠም፣ ጁነይድ ግን እንቅልፍ አጣ። ሞዴሉን ከሥሩ ማየት አለብኝ፣ የሰማዩን ሒሳብ ሳልጨርስ ትዳር ውስጥ አልገባም አለኝ። ሰማዩ ሚስት አይሰጥህም አልኩት። እሱ እቴ፣ ሳቀ።

ይሄ ሁሉ ሲሆን አባቴ ደወለ። አባቴ ሱለይማን የተከበረ ሰው ነው፣ ነገር አያበዛም። ጅዳ የሚኖር ሻፊ የሚባል ሰው ሽማግሌ ልኮብኛል፣ ቤተሰቦቹም ደህና ሰዎች ናቸው አለኝ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

«ሌላ ሰው ካለሽ አሁን ንገሪኝ። ሳላውቅ ቃል ሰጥቼ እንዳላስከፋሽ።»

እያፈርኩ አለ አልኩት። እንግዲያው ሰውየው ሽማግሌ ይላክ፣ እስከ አረፋ በዓል እጠብቃለሁ፣ ከዚያ በኋላ ግን ሰው በራፌ ላይ አመላልሼ አላቆምም፣ ለነሻፊ ቃሌን እሰጣለሁ አለ። አባቴ ቃል ከሰጠ ሰጠ ነው። እኔም እምቢ ብዬ አባቴን በአገሩ ሰው ፊት አላዋርደውም። ስለዚህ ነገሩ እንዲህ ሆነ፦ ወይ ጁነይድ ይልካል፣ ወይ እኔ የማላውቀውን ሰው አገባለሁ።

ሮጬ ነገርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«ለምን አሁን?»

እዚያው መንገድ መሀል ላይ ያለ የሌለ ስድቤን አወረድኩበት። ሰፈራችን ያለው አርመናዊ ጫማ ሠሪ ሳይቀር ከሱቁ ወጥቶ አየን። በመጨረሻ እሺ አለ። አዲስ አበባ ያለው አጎቱ አብዱልገኒ ሁለት ሰው ይዞ ባቲ ይወርዳል ተባለ። እኔ ደስታዬን የምይዝበት አጣሁ። እሙሽ እንኳ ልጁን ይቅር ብላው ጸጉሬን በነጻ ሠራችልኝ።

ሽማግሌዎቹ በሄዱበት ማግስት ማዳሜ ቤት መስኮት እየወለወልኩ አባቴ ደወለ። ድምፁ የሱ ድምፅ አልነበረም።

«ሰዎችሽ መጥተው ነበር።»

«እሺ አባዬ… ምን አሉህ?»

«ምሳ በሉ። ዝናቡ ዘገየ ወይ አሉኝ፣ ስለ ማሽላው ጠየቁኝ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩ፣ መርቀው ሄዱ። ስላንቺ አንድ ቃል አልተነፈሱም።»

እናንተ ከኛ አገር ከሆናችሁ ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሽማግሌ ደጅ ይቆማል፣ ተቀመጡ ሲባል የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል፣ እሺታ ሳያገኝ እህል ውሃ አይቀምስም። የአባቴን እንጀራ በልተው፣ ቤቱን አይተው፣ ሳይጠይቁ ከሄዱ፣ አይተው ናቁት ማለት ነው። ጎረቤቱም እንዲያ ነው የሚያወራው።

«ቤቴ አንሷቸው ይሆናል፣ ልጄ» አለ አባቴ። «አይዞሽ። ከእንግዲህ አረፋን አልጠብቅም። የፊታችን ጁምዓ ከስግደት በኋላ ለነሻፊ ቃሌን እሰጣለሁ።»

ስልኩን ዘጋ። አባቴን እንደዚያ ተሰብሮ ሰምቼው አላውቅም። ማዳሜ ፊቴን አይታ «ያላ፣ ሂጂ» አለችኝ በእጇ። የሥራ ልብሴን እንኳ ሳልቀይር ሽቅብ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሮጥኩ።

ጁነይድ ከጓደኞቹ ጋር ሰሌዳ ፊት ቆሞ ነበር። በጣቴ ጠርቼ ግቢው ውስጥ ካለው ጥድ ሥር ወሰድኩት።

«አባቴን አስሰደብከው» አልኩት። ሁሉንም ነገርኩት።

ፊቱ አመድ መሰለ። በስንት ጭቅጭቅ እውነቱን አወጣሁት። ለካ አጎቱን፣ መጀመሪያ ዝም ብላችሁ ሂዱና ሁኔታውን እዩልኝ፣ እሺ የሚሉ ሰዎች ከሆኑ ሌላ ቀን እንጠይቃለን ብሎት ነው። አጎቱ እንዲህ ያለ ነገር በአገራችን የለም ብሎ ተከራክሮት ነበር። በኋላ፣ ልጁ የተማረ ነው፣ የሚያውቀው ነገር ቢኖር ነው ብሎ ተሸነፈለት።

«ልኬት ነበር» አለኝ። «መጀመሪያ ሳልለካ ምንም ነገር ጠይቄ አላውቅም።»

«አባቴ ኮከብ ነው በሩቁ የምትለካው?»

«ፈርቼ ነው፣ ነስሪያ።»

«ምንድነው የሚያስፈራህ?»

ጥዱን ተደገፈ። እኔን ሳይሆን ጫማውን እያየ ነው ያወራው።

«እናትና አባቴ የተጋቡት አንድ ግቢ ስለተከራዩ ነው። ግቢው ሲፈርስ እነሱም ፈረሱ። ለካ ይዟቸው የኖረው ግቢው ነው። እኛስ? ሁለታችንም ቤሩት ስላለን ብቻ ቢሆንስ? መብራት ስለጠፋ ብቻ ቢሆንስ? ለምን አንቺ፣ ለምን እኔ፣ ለምን አሁን? ሌሊት ሌሊት ይሄን ነው የማስበው። መልስ ሳላገኝ አባትሽን ልጠይቅ ፈራሁ።»

አዘንኩለት፣ አልዋሽም። ግን ንዴቴ ከሐዘኔ በለጠ።

«አጋጣሚ ነው» አልኩት። «ወላሂ አጋጣሚ ነው። አሳንሶሩ ውስጥ ሌላ ሰው ቢኖር ያንን ሰው እሰድበው ነበር። ግን እሱ አንድ ጊዜ ነው፣ ሰማህ? ከዚያ በኋላ ስልክህን ያነሳሁት መብራት ጠፍቶ አይደለም። የማይገባኝን ነገር ቆሜ የሰማሁህ ስለፈለግሁ ነው። በየእሑዱ ስመርጥህ ነው የኖርኩት። አንተ ግን አንድ ቀን እንኳ አልመረጥከኝም። ታሰላኛለህ እንጂ።»

መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጠረገ።

«ጁምዓ አባቴ ቃል ይሰጣል። ኸላስ፣ አለቀ። እኔ አባቴን ከዚህ በላይ አላዋርድም።»

ጥዬው ወረድኩ። መንገድ ላይ ያገኘሁት ሰርቪስ ውስጥ ኋላ ወንበር ላይ ገባሁ፣ አንዲት ሴትዮ ከነዘንቢሏ አጠገቤ አለች። ታክሲው ሊነሳ ሲል በሩ ተከፈተና ጁነይድ እያለከለከ ገብቶ አጠገቤ ተጠቀጠቀ። ቦርሳውንም እዚያው ጥሎት መጥቷል።

«የአባትሽን ቁጥር ስጪኝ።»

«አብደሃል? አግቢ እኮ ሽማግሌ ሳይጨርስ አባት አያናግርም። ነውር ነው።»

«ነውሩን ቀድሜ ሠርቼዋለሁ። ስጪኝ።»

ደወልኩና ስልኬን ሰጠሁት። ሲቀበለኝ የቱን እንደነካ እንጃ፣ የአባቴ ድምፅ ታክሲውን ሞላው። ሹፌሩ ሬዲዮኑን ቀነሰ።

«ጋሽ ሱለይማን፣ አሰላሙ ዓለይኩም። ጁነይድ ነኝ።»

አባቴ ሰላምታውን መለሰ።

«ሰዎቹ ቤትዎ አንሷቸው አይደለም ዝም ያሉት። ዝም በሉ ብዬ የላክኋቸው እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«እምቢ እንዳይሉኝ ፈርቼ።»

መኪናው ሁለት መታጠፊያ ወረደ።

«ልጄን ትፈልጋታለህ?»

«እፈልጋታለሁ።»

«እርግጠኛ ነህ?»

ዓይኔን ጨፈንኩ። አሁን ያንን የጨለማ ኃይሉን ሊጀምር ነው፣ አለቀልኝ አልኩ።

«ጋሼ፣ እኔ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ትንሽ ነው» አለ። «ዕድሜዬን የሰጠሁት ሥራ እንኳ ትክክል ይሁን አይሁን አላውቅም። ነስሪያን ለሌላ ከሰጧት ግን እስክሞት እንደማለቅስ አውቃለሁ። እሱን ለማወቅ ማስላት አላስፈለገኝም።»

እኔ ሳላስበው እጁን ያዝኩት። ሴትዮዋ ቋንቋውን ሳትሰማ ከዘንቢሏ ሶፍት አውጥታ ሰጠችኝ።

«እንግዲያው ሽማግሌዎችህን መልስ» አለ አባቴ። «አሁን የምትልካቸው አፍ ያላቸው ይሁኑ።»

ሐሙስ ዕለት አብዱልገኒ ሰዎቹን ይዞ ባቲ ደጃፋችን ላይ ቆመ። አባቴም አልቸኮለም። ያ የባቲ ፀሐይ አናታቸውን እየበላው፣ ጎረቤት ሁሉ እያየ፣ ደጅ አቆማቸው። ሲያልፍ ሲያገድም ተቀመጡ ይላቸዋል፣ አብዱልገኒ ጮክ ብሎ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም ይላል። ውሃ ቀረበ፣ አልቀመሱም። ሰፈሩ ሁሉ ጥሩ አድርጎ ከሰማ በኋላ አባቴ ወጥቶ የአብዱልገኒን እጅ ይዞ አስገባው። ለነሻፊ ቤተሰብም ራሱ ሄዶ በአክብሮት ነገራቸው፣ እነሱም መርቀው ለቀቁት።

ጁነይድ ያን ሰሞን መመረቂያ ጽሑፉን አቀረበ። አስተማሪዎቹ አመሰገኑት፣ ጥያቄው ግን እንዳለ ነው። ኃይሉ ይድከም አይድከም፣ ለምን በኛ ዘመን እንደሆነ፣ እሱም አያውቅም፣ እነሱም አያውቁም። አሁንም አንዳንዴ ምሳ እየበላን ማንኪያውን ይዞ ይቀራል። እናደዳለሁ፣ ምን አባቴ ላድርግ፣ የገዛሁት ራሴ ነኝ።

የጋብቻው ውል፣ ኒካሁ፣ የታሰረው ባቲ ነው፣ እኛ ደግሞ ቡርጅ ሐሙድ እሙሽ ሱቅ ውስጥ ሆነን በስልክ። አጎቱ የጁነይድ ወኪል ሆነ፣ አባቴ ከቃዲው አጠገብ ተቀምጧል። ነጭ ሻሽ አድርጌ፣ እሙሽ ከኋላዬ ቆማ፣ ጁነይድ በስስ ሸሚዝ በሩን ተደግፎ፣ ስልኩን ሁላችንም እናያለን። ቃዲው ስሜን ከነአባቴ ጠራ። አባትሽ ለጁነይድ እንዲድርሽ ፈቅደሻል ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። የሙሽራ ዝምታ በኛ ደንብ እሺታ ነው፣ እኔ ግን ፈቅጃለሁ የምትለዋን ቃል ስንት ቀን ተለማምጄ ነበር። እንባዬ ብቻ ይወርዳል። እሙሽ በክርኗ ጎሸመችኝ። ጁነይድ ከበሩ ጋ ፊቱ ነጥቶ ያየኛል።

«ተቋረጠ እንዴ?» አለ አብዱልገኒ ከወዲያ።

ቃዲው ስልኩን ወደ ጆሮው አስጠጋ። ያኔ የአባቴን ድምፅ ሰማሁ፣ እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አልለየሁትም።

«አልተቋረጠም» አለ። «ይቺ ልጅ አፍ ከፈታች ጀምሮ ዝም ብላ አታውቅም። ወዳዋለች። እሰሩት።»